ለግድግዳ የሚሆን ወረቀት የሚታወቀው ሲርስ ነው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የሥነ ጥበብ ተማሪ ናት። በሰፈሯ ጉልት ሽንኩርትና ቃሪያ የሚሸጡ የሦስት እናቶችን ፊት፣ እያንዳንዱን 3 ሜትር ቁመት ሰጥታ፣ ጉልቱ ፊት ለፊት ባለ ቡና ቤት የጎን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ትፈልጋለች። የቤቱ ባለቤት ፈቅደዋል። ለሙከራ አንዱን ፊት «ጠንካራ ይሁንልኝ» ብላ በ170 ግራም አንጸባራቂ ወረቀት አሳትማ በዱቄት ሙጫ ለጥፋው ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ጠዋት መሬት ላይ ተጠቅልሎ አገኘችው። አንዱ ጓደኛዋ ከዚህም የወፈረ ግዢ ይላታል፣ ሌላው ወረቀቱን ተዪና ባነር አሠሪ ይላታል። «ጋሼ፣ የትኛውን ወረቀት ልግዛ?» ብላ ጽፋልኛለች።

ልጄ፣ ሁለቱም ጓደኞችሽ ላንቺ አስበው ነው፤ ሁለቱም ግን ተሳስተዋል። ወረቀትሽ የወደቀው ደክሞ ሳይሆን ጠንክሮ ነው። በኅትመት ሥራ ከ30 ዓመት በላይ ስቆይ ሰው ወረቀት ሲመርጥ የሚያደርገውን ደጋግሜ አይቻለሁ። በሁለት ጣቱ ያሻሸዋል፣ ጆሮው አጠገብ ያንኮሻኩሸዋል፣ ወፈር ካለለት ደስ ይለዋል። ለሠርግ መጥሪያ ይህ ጥሩ ፈተና ነው። ለግድግዳ ግን ደረቅ ወረቀት ምንም አይነግርሽም። ግድግዳው ላይ የሚወጣው በሙጫ የራሰ ወረቀት ስለሆነ፣ ወረቀት ልትገዢ ስትሄጂ በትንሽ ጠርሙስ ውሃ ይዘሽ ሂጂ።

መጀመሪያ የወደቀውን እንመርምር። እኛ የማተሚያ ቤት ሰዎች አርት ፔፐር የምንለው አንጸባራቂ ወረቀት ላዩ ወረቀት አይደለም። ነጭ ሸክላ ወይም የኖራ ድንጋይ ዱቄት ከማያያዣ ጋር ተቀብቶበት፣ በሲሊንደር ተዳምጦ እንዲያበራ የተደረገ ልባስ ነው። ቀለም ወደ ውስጥ እንዳይሰምጥ የሚከለክለው ይህ ልባስ ነው፤ የመጽሔት ሽፋን ላይ ፎቶው ያን ያህል የሚደምቀው በዚህ ምክንያት ነው። ቀለምን የከለከለ ልባስ ሙጫንም ይከለክላል። ብዙ ጊዜ ልባሱ በሁለቱም ገጽ ስላለ፣ ጀርባውን ቀባሁ ስትዪ የቀባሽው ሸክላውን ነው። ሙጫው ቃጫው ውስጥ ገብቶ መያዝ ሲገባው ላዩ ላይ ደርቆ እንደ ቅርፊት ቀርቷል።

ሁለተኛው ጥፋት ውፍረቱ ነው። የወረቀት ግትርነት ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ለመታጠፍ የሚያሳየው እምቢታ ስምንት እጥፍ ይሆናል። የግድግዳሽ ልስን ጉብታና ስርጉድ አለው፤ ቀጭን ወረቀት ሲርስ እያንዳንዷ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፣ ወፍራሙ ግን ከጉብታ ወደ ጉብታ እንደ ድልድይ ተዘርግቶ ከበታቹ አየር ይተዋል። ወረቀት ሲደርቅ ደግሞ ይሰበሰባል። ቀድሞ የሚደርቀው ጠርዙ ነውና ጠርዙ ይነሳል፣ በተነሳው በኩል ነፋስ ይገባል፣ የቀረውን ነፋሱ ይጨርሰዋል። እኔም በወጣትነቴ ከማተሚያ ቤት የተረፈ አርት ፔፐር በነፃ አገኘሁ ብዬ ስምንት ትልልቅ ሥዕሎች አትሜ አንድ አጥር ላይ ለጥፌ አድሬ ነበር። ሲነጋ ስምንቱም አጥሩ ሥር በተርታ ተኝተዋል። አንዱን አንስቼ ጀርባውን ስዳስሰው ሙጫው ሙሉ በሙሉ እንዳለ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ግን ምንም አልቀረም።

«ግራም» የሚባለው ነገር ግልጽ ይሁንልሽ፤ ሻጮች ራሳቸው ብዙ ጊዜ አያብራሩትም። አንድ ካሬ ሜትር የሚሆን ወረቀት ሲመዘን የሚያሳየው ክብደት ነው። ኤ ዜሮ የሚባለው ትልቁ መጠን 841 በ1189 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ልክ አንድ ካሬ ሜትር ነው፤ ስለዚህ 80 ግራም የሚባል ወረቀት በኤ ዜሮ ልክ ሲቆረጥ 80 ግራም ይመዝናል። የተለመደው ኤ አራት የዚያ አንድ አሥራ ስድስተኛ ስለሆነ 5 ግራም ነው። ያንቺ የአንድ እናት ፊት 3 ሜትር በ1.80 ቢሆን 5.4 ካሬ ሜትር ይሆናል። በ170 ግራም ስታትሚው ሙጫው ሳይቆጠር ከ900 ግራም በላይ ግድግዳው ላይ ሰቅለሻል፤ በ80 ግራም ቢሆን 432 ግራም ነው፣ በጋዜጣ ወረቀት ደግሞ ሩብ ኪሎ ያህል።

አሁን ስለ ጋዜጣ ወረቀት ላውራሽ። ቸኩለሽ ሱቅ እንዳትሄጂ፤ ከዚህ በታች የምነግርሽ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

በልጅነቴ በእኛ ቤትም በጎረቤትም የጭቃው ግድግዳ ከውስጥ በጋዜጣ ይለበጥ ነበር። ለበዓል ሲደረስ እናቴ ዱቄት በውሃ ታበጥብጥና እሳት ላይ አድርጋ ታማስላለች፤ እኔና እህቴ ጋዜጣ እያቀበልን፣ እሷ በጨርቅ እየቀባች ትለጥፋለች። ማንበብ የተለማመድኩት በተዘቀዘቀ ርዕስ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ልብ ብለሽ ከሆነ ያ ጋዜጣ በእጅ ተይዞ አይነሳም ነበር። ግድግዳው ካልፈረሰ ወይም በቢላ ካልተፋቀ አይለቅም፤ ከዓመት ዓመት አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ ራሱ እንደ ልስን ይሆናል። በደረቁ በእጅሽ ብትጎትቺው የሚቀደድ፣ ሕፃን የሚተረትረው ወረቀት ነው። ግድግዳው ላይ ሲሆን ግን ከማንኛውም የሠርግ መጥሪያ ይጸናል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የጋዜጣ ወረቀት በካሬ ሜትር ከ45 እስከ 49 ግራም አካባቢ ነው። በአብዛኛው የሚሠራው እንጨቱ ተፈጭቶ ነው፤ ቃጫው አጭርና ልቅ ስለሆነ በመካከሉ ብዙ ክፍተት አለ። ሌሎች ወረቀቶች ላይ ውሃ እንዳይጠጡ በፋብሪካ የሚጨመረው መድኃኒት እዚህ ወይ የለም ወይ በጣም ጥቂት ነው። ሙጫ ሲነካው ወዲያው ይጠጣል፣ ይልማል፣ ግድግዳው ወደ ወሰደው ይሄዳል። ሲደርቅ ወረቀቱ፣ ሙጫውና የግድግዳው ገጽ አንድ ቅርፊት ይሆናሉ። የግድግዳ ወረቀት ጥንካሬ ከግድግዳው የሚበደር እንጂ ከራሱ የሚመጣ አይደለም።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኤርነስት ፒኞን ኤርነስት እ.ኤ.አ. በ1978 የገጣሚውን የራምቦን ሙሉ ቁመት ምስል በፓሪስ ግድግዳዎች ላይ ሲለጥፍ፣ በኋላም ከ1988 እስከ 1995 በኔፕልስ ጠባብ መንገዶች ሲሠራ፣ የተጠቀመው በሲልክ ስክሪን፣ ማለትም በተወጠረ ወንፊት ጨርቅ ቀለም እየተገፋ፣ የታተመ የጋዜጣ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ሲደርቅ የድንጋዩ ስንጥቅ በሥዕሉ ቆዳ ላይ ይታያል፤ ሰውየው ከግድግዳው የወጣ እንጂ የተለጠፈበት አይመስልም። የኒው ዮርኳ የጎዳና ሠዓሊ ስዉን ከእንጨትና ሊኖሌም ከሚባል የወለል ንጣፍ ቅርጽ የምታትማቸውን ትልልቅ ሰዎች ዳር ዳራቸውን ቆርጣ የምትለጥፈውም በዚሁ ዓይነት ርካሽ ስስ ወረቀት ነው። ገንዘብ ስላጡ ብቻ አይደለም፤ ሌላው ወረቀት ይህን አያደርግላቸውም።

የጋዜጣ ወረቀት ዕዳም አለበት። እንጨቱ ሲፈጭ ሊግኒን የሚባለው ንጥረ ነገር አብሮ ስለሚቀር በፀሐይ ይቢጫል። አዲስ አበባ ላይ ፀሐዩ የሚበረታ ስለሆነ በሳምንታት ውስጥ ነጩ ወደ ሻይ ቀለም ይሄዳል። ለአንዳንድ ሥዕል ይህ ያምራል፤ ለእናቶችሽም አይከፋም ባይ ነኝ። ትልቁ ችግር ማተሙ ነው። ፕሎተር በሚባለው ሰፋፊ ወረቀት የሚያትም ማሽን ውስጥ ይጨማደዳል፣ ፎቶ ኮፒ ማሽን ውስጥ ተነክሶ ይቀራል። በእጅ በቀለም ከሳልሽ፣ በሲልክ ስክሪን ወይም በእንጨት ቅርጽ ካተምሽ ግን ከሱ የሚበልጥ የለም። ከጋዜጣ ማተሚያ ቤቶች የጥቅል ጫፍ ይተርፋል፤ ማሽኑ ጥቅሉን እስከ መጨረሻው አይጨርሰውምና እምብርቱ ላይ ብዙ ሜትር ይቀራል። ኃላፊውን በትሕትና ከጠየቅሽ በኪሎ ሊሸጡልሽ ይችላሉ።

ያንቺ ሥራ ፎቶግራፍ ስለሆነ ግን የምመክርሽ ሌላ ነው፤ የሥነ ሕንፃ ፕላን የሚታተምበት 80 ግራም የፕሎተር ወረቀት። ያልተለበጠ፣ ነጭ፣ በጥቅል የሚመጣ፣ የተለመደው ወርዱ 91.4 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 50 ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ሰቅ፣ ማለትም ሁለት ረጅም ቁራጭ፣ ጎን ለጎን፣ 2 ሴንቲ ሜትር ተደራርቦ፣ 1.80 ወርድ ይሰጥሻል። ለአንድ ፊት 6 ሜትር፣ ለሦስቱ 18 ሜትር ይበቃል፤ ከአንድ ጥቅል ለሙከራም ለስህተትም ይተርፍሻል። «ለፎቶ የሚሆን የተሻለ ጥቅል አለን» ቢሉሽ እንቢ በይ። የፎቶው ጥቅል ልባስ ያለው ነው፤ ወደ መጀመሪያው ችግርሽ ይመልስሻል።

ከወረቀቱ እኩል ቀለሙን ጠይቂ። ብዙ ፕሎተሮች ቀለም የሚረጩ ናቸው፤ የሚረጩት ቀለም ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በውሃ የሟሟ ማቅለሚያ ነው፤ ሙጫ ሲነካው ይሮጣል። እኔ በዚህ ተቀጥቼበታለሁ። ጥቁር መስሎኝ ያሳተምኩት የአንድ ሽማግሌ ፊት በሙጫው ብሩሽ ሥር ሐምራዊ እንባ አለቀሰ፤ አብሮኝ የነበረው ልጅ «ጋሼ፣ ሰውየው አለቀሱ» ብሎ እስኪደክመው ሳቀ። ሁለተኛው ዓይነት የደቀቀ ጠጣር ቀለም ያለበት ነው፤ ከደረቀ በኋላ ውሃ ይችላል። በአንዳንድ ማሽን ጥቁሩ ጠጣር ሆኖ ሌሎቹ ቀለሞች የሚሟሙ ናቸው፤ እንዲህ ከሆነ ኦፕሬተሩ በጥቁር ብቻ እንዲያትም አዘዢው፣ አለበለዚያ ማሽኑ ጥቁሩን ከሦስቱ ቀለሞች ቀላቅሎ ይሠራዋል። ከሁሉ የሚሻለው በቶነር የሚሠራ ትልቅ ኮፒ ማሽን ነው። ቶነር በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ላይ የሚጣበቅ የፕላስቲክ ብናኝ ስለሆነ ውሃ አያሟሟውም። ይህን ሁሉ ለማጣራት ማሽኑን ማወቅ አይጠበቅብሽም። መዳፍ የምታክል አሳትሚ፣ አንድ ቀን አሳድሪ፣ ርጥብ ጣትሽን አሺባት። ጣትሽ ካልጠቆረ ይሆናል።

ትልቅ ማሽን ካጣሽ ፊቱን ከፋፍለሽ በኤ ሦስት ፎቶ ኮፒ ማድረግ ያረጀ ያፈጀ ዘዴ ነው፤ ይሠራል። ወረቀቱ ያው 80 ግራም ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፤ ሁሉም ወረቀት ቃጫው በአንድ አቅጣጫ የሄደ ይሁን።

ይህ የቃጫ ነገር ሰው የሚንቀው፣ ሥራ ግን የሚያበላሽ ነው። ወረቀት ማሽን ላይ ሲሠራ ቃጫው ማሽኑ በሚሮጥበት በኩል ይተኛል። ለቆሎ መጠቅለያ ጋዜጣ የቀደደ ሰው ያውቀዋል፤ በአንድ በኩል እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ ይቀደዳል፣ በሌላው በኩል ጥርስ ጥርስ ያወጣል። ቀጥ ያለው ቃጫው የሄደበት ነው። ወረቀት ሲርስ እያንዳንዱ ቃጫ የሚያብጠው በወርዱ ነው እንጂ በርዝመቱ ብዙም አይደለም። ስለዚህ ወረቀቱ የሚሰፋው ቃጫውን በሚያቋርጥ በኩል ነው፤ እንደ ወረቀቱ ዓይነት ከአንድ እስከ ሁለት በመቶ ሊደርስ ይችላል። 91 ሴንቲ ሜትር ወርድ ላይ ይህ አንድ ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ነው። በጥቅል ወረቀት ቃጫው በጥቅሉ ርዝመት ስለሚሄድ ሰቆችሽ ሁሉ ቁመታቸው ቁመት ሆኖ ከተሰቀሉ ሁሉም ወደ ጎን እኩል ይሰፋሉ፤ መደራረቡ ይሸፍንልሻል። ከፊሉን አግድም ከፊሉን ቁም ከቀላቀልሽ ግን የግራው ቅንድብ ከቀኙ ጋር በፍጹም አይገጥምም፤ የእናትየዋን ዕድሜ ሳይሆን የሙያሽን ጉድለት ያሳያል።

መስፋቱን አታስቀሪውም፤ ቀድመሽ ታስፈጽሚዋለሽ። የሰቁን ጀርባ ሙጫ ቀቢ፣ የተቀባውን ፊት ለፊት አጥፈሽ እንደ ነጠላ ደርቢው፣ አምስት ደቂቃ ተዪው፣ ከዚያ ዘርግተሽ ለጥፊ። ለሁለቱም ሰቅ እኩል ደቂቃ ስጪ። አንዱን ወዲያው ሰቅለሽ ሌላውን ከሩብ ሰዓት በኋላ ከሰቀልሽ ወርዳቸው ይለያያል። መገጣጠሚያው በዓይን መሃል እንዳያልፍም ፊቱን ከማሳተምሽ በፊት በኮምፒውተር ትንሽ ወደ ጎን አንሸራትቺው። በአፍንጫ ጠርዝ ወይም በሻሽ ጥላ ላይ ቢያልፍ ማንም አያየውም።

የያዝሽው ጠርሙስ የሚያገለግልሽ እዚህ ላይ ነው። ሻጩ ናሙና ሲሰጥሽ አንዲት ጠብታ ጣይበት። ወዲያው ሰርጎ ከኋላ ከታየ የተራበ ወረቀት ነው፤ ጥሩ ይጠጣል፣ ግን ስታነሺው እንዳይበጠስ ረዳት ያስፈልግሻል። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆሞ ቀስ እያለ ከገባ ለጀማሪ የሚስማማው እሱ ነው፤ ጥሩ የፕሎተር ወረቀት እዚህ ላይ ይወድቃል። ጠብታው እንደ ዶቃ ድቡልቡል ሆኖ ከቀረ አመስግነሽ ውጪ። ከዚያ ያረጠብሽውን ቦታ ጣትሽ ላይ ጠምጥሚው፤ እንደ ጨርቅ ከታዘዘ ግዢ፣ እንደ ካርቶን ከተሰበረ ተዪው። በእኔ ጊዜ የነበሩ አታሚዎች ውሃ አይፈልጉም፤ ጥጉን በምላሳቸው ይነኩና ወረቀቱ ምላስ ላይ ከተጣበቀ ጠጪ ነው ይሉ ነበር። ይህን አልመክርሽም፤ ማን እንደነካው አይታወቅም።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ካኪ ወረቀት፣ የደብተር መሸፈኛው፣ ረጅም ቃጫ አለውና ሲርስም ቶሎ አይበጠስም፤ ቡናማው ቀለም ራሱ መደብ ስለሚሆን በጥቁርና በነጭ ቀለም በእጅ ለሚስል ሰው ደስ ይላል። ከ70 ግራም አትለፊ፤ አንዱ ገጹ የሚያበራ ከሆነ ሙጫውን በሻካራው በኩል አድርጊ። ለትልልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሠራ፣ ጀርባው ሰማያዊ የሆነ ወረቀት አለ፤ ሰማያዊው የድሮው ማስታወቂያ ከሥር እንዳያሳይ የሚጋርድ ነው። 115 ወይም 120 ግራም ነው፤ «ታዲያ ይኼ እንዴት ይይዛል?» ትዪኝ ይሆናል። ሠራተኞቹ ቀድመው በውሃ ስለሚነክሩትና ሰሌዳው እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ስለሆነ ነው። ላንቺ ሻካራ ግድግዳ አይሆንም። ግልጹ የንድፍ ወረቀት ውሃ ሲነካው ይኮማተራል፤ እርሺው።

ባነሩስ? ባነር የፕላስቲክ ልብስ ነው፤ በዱቄት ሙጫ አይያዝም፣ በገመድና በምስማር ይሰቀላል እንጂ። ጓደኛሽ ምናልባት የጄአርን የኪቤራ ሥራ አይቶ ይሆናል። ይህ ፈረንሳዊ ፎቶ አንሺና የጎዳና ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ2009 በናይሮቢ ኪቤራ ሰፈር የሴቶችን ዓይንና ፊት በጣሪያዎች ላይ ያነጠፈው ውሃ በማያሳልፍ ፕላስቲክ ነበር፤ ምክንያቱ ግን ሥዕሉ ሳይሆን ቤቶቹ ናቸው፣ ጣሪያው ዝናብ እንዳያፈስ። እዚያ ትክክለኛው ነገር እሱ ነበር። ያው ሰው ግድግዳ ላይ ሲመጣ ወረቀትና ሙጫ ነው የሚጠቀመው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ግቢ፣ በመስታወቱ ፒራሚድ ዙሪያ፣ 400 ገደማ በጎ ፈቃደኞች ይዞ 2,000 ያህል የወረቀት ሰቆች መሬት ላይ ለጠፈ፤ ከላይ ሲያዩት ፒራሚዱ ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣ ይመስላል። ሕዝቡ ሲረግጠው በማግስቱ ተበጣጠሰ። መሬት ላይ የተለጠፈ ስስ ወረቀት ዕድሜው ያ ነው፤ ሥራው ሲጀመርም ይታወቅ ነበር።

የላክሽልኝን ፎቶ ሳየው ግድግዳሽ ሁለት ዓይነት ነው፤ አብዛኛው የተለሰነ ብሎኬት፣ በስተቀኝ ጫፍ ግን ቆርቆሮ። የተለሰነው ላይ በመዳፍሽ እሺ። ነጭ ዱቄት ከተያያዘልሽ የኖራ ወይም የርካሽ ቀለም ብናኝ ነው፤ ሙጫው ብናኙን ይይዛል፣ ብናኙ ግን ግድግዳውን አልያዘም፤ ምርጡን ወረቀት ብታመጪም አብሮ ይረግፋል። በሻካራ ብሩሽና በውሃ እጠቢው፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ቀጠን ባለ ሙጫ አንዴ ቀብተሽ አሳድሪው። ከታች ከጉልበት በታች ያለውን ተዪው፤ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ የተጻፈበት ግድግዳ ለምን እንደተጻፈበት የታወቀ ነው። ቢያንስ አንድ ሜትር ከመሬት ከፍ አድርጊ የምልሽ ሌላም ምክንያት አለኝ። ፍየል የዱቄት ሙጫ ትወዳለች። ቀልድ እንዳይመስልሽ፤ የአንድ ባልደረባዬን ሥራ እስከ አገጩ ድረስ ግጣዋለች።

ቆርቆሮው ውሃ ስለማይጠጣ ሙጫው በወረቀቱ በኩል ብቻ ነው የሚደርቀው፤ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ጤዛ ያወጣል። 80 ግራም እዚያ ላይ ይነሳል። የግድ ከሆነ የጋዜጣ ወረቀት ተጠቀሚ፣ በየሸለቆው በጨርቅ አስገብተሽ ጫኚው። ቆርቆሮው ሞገድ ስለሆነ ከሚታየው ወርድ በላይ ወረቀት ይበላል። ሲባጎ ወስደሽ ሞገዱን ተከትለሽ ለኪና ቀጥ አድርገሽ ከሜትር ጋር አስተያዪው፤ በተለመደው ቆርቆሮ ከ10 በመቶ በላይ ልዩነት ታገኛለሽ። ያንን ሳትጨምሪ ካሳተምሽ ፊቱ ጠቦ ይታያል። እኔ ብሆን ቆርቆሮውን ለሌላ ጊዜ አቆየው ነበር።

ስለ ሙጫው አልጠየቅሽም፤ ቢሆንም ወረቀት ያለ ሙጫ ስለማይታሰብ ጥቂት ልበል። አንድ እጅ የስንዴ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በደንብ በጥብጪ፣ አራት ወይም አምስት እጅ የፈላ ውሃ ውስጥ እያማሰልሽ ጨምሪ፣ ወፈር ብሎ ብርሃን እስኪያሳልፍ አብስዪው። አብሲት ያበሰለ ሰው ያንን ቅጽበት ያውቀዋል፤ ነገሩም አንድ ነው። የስንዴ ስታርች በ60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይያያዛል። አዲስ አበባ በከፍታዋ ምክንያት ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፤ ለሙጫ ግን ይህ ከበቂ በላይ ነው። ውፍረቱ እንደ አጥሚት ይሁን እንጂ እንደ ገንፎ አይሁን። ጓል ካለው በወንፊት አጥልዪው፤ ጓል በ80 ግራም ወረቀት ሥር እንደ ኪንታሮት ይታያል። በሦስት ቀን ስለሚኮመጥጥ የምትጨርሺውን ያህል ብቻ ሥሪ። የአናጢ ኮላ ጥቂት ብትጨምሪ ዝናብ የተሻለ ይችላል፤ በኋላ ማንሳቱ ግን ይከብዳል፣ ወደዚያ እመለስበታለሁ።

ስትለጥፊ ግድግዳውን ቀቢ፣ ያረጠብሽውን ሰቅ ከላይ ጀምረሽ አውርጂ፣ ከመሃል ወደ ዳር በብሩሽ ግፊ፣ በመጨረሻም ላዩን አንዴ በቀጭን ሙጫ ቀቢው። ላዩን መቀባት የሚቻለው ቀለሙ የጣት ፈተናውን ካለፈ ብቻ ነው። ቀትር ላይ አትለጥፊ፤ ፀሐይ የመታው ግድግዳ ሙጫውን ወረቀቱ ሳይተኛ ያደርቀዋል። ከ10 ሰዓት በኋላ ጀምሪ፣ ሌሊቱን ቀስ ብሎ ይድረቅ። ክረምቱ ካልወጣ አትነካኪው። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወቅት ላንቺ የተሰጠ ነው፤ የበልጉ ዝናብ ከመጣ በኋላ ያለው ቀን ሁሉ ትርፍ ነው።

ሙሉውን ከማሳተምሽ በፊት ከሦስት ወረቀት፣ ማለትም ከጋዜጣ፣ ከፕሎተርና ከካኪ፣ መዳፍ መዳፍ የሚያህል ቆርጠሽ እዚያው ግድግዳ ላይ፣ ከላይና ከታች ለጥፊና አንድ ሳምንት ተዪው። ከዚያ ጥጉን በጥፍርሽ ሞክሪ። ወረቀቱ እየተቀደደ በትንሽ በትንሹ የሚነሳ ከሆነ ይዟል። ሙሉ ሆኖ እንደ ተለጣፊ ማስታወሻ ከተላቀቀ አልያዘም። ይህን የምትወስነው እኔ ሳልሆን ያቺ ግድግዳ ናት።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ከሦስቱ እናቶች ጋር ስትነጋገሪ ፎቶው እንደሚለጠፍ ብቻ ሳይሆን እንደሚቀደድም ንገሪያቸው። የሰው ፊት በአደባባይ ሲቦጨቅ እንደ መጥፎ ምልክት የሚያይ አለ፤ በተለይ ጉንጩ ወርዶ ዓይኑ ብቻ ሲቀር። አንድ ጊዜ ይህን ሳልነግር ቀርቼ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጥተው «ምነው፣ በቁሜ ቀበርከኝ?» ብለውኛል፤ የምመልሰው አልነበረኝም። ስለዚህ መቼ እንደሚነሳ አስቀድመሽ ተስማሚ። ኮላ አብዝተሽ ካልጨመርሽበት 80 ግራም ወረቀት ማንሳት ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም። ለብ ያለ ውሃ በሮለር ቀቢ፣ ሩብ ሰዓት ቆዪ፣ ደግመሽ ቀቢ፣ ከዚያ በሰፊ የቀለም መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ግፊው፤ በሰፊው እየተላጠ ይመጣል። የቀረውን የሙጫ ንጣፍ በብሩሽ እጠቢና ግድግዳውን ለባለቤቱ እንደነበረ መልሺላቸው።